በጭኑ ላይ የተኛው ሕፃን

አንዲት ልጅ እህል በቃኝ ካለች በስንተኛው ቀን ነው ሐኪም ዘንድ የምትወሰደው?

መድኃኒት ቤት ያለችውን ልጅ ጠየቅኋት። «የሚያማት ነገር አለ?» አለችኝ። የለም። «ትኩሳትስ?» እሱም የለም። «ታዲያ ምን ሆና ነው፣ እማማ?» ስትለኝ ሳንቲሜን መቁጠር ጀመርኩ። የራስ ምታት ኪኒን ገዝቼ ወጣሁ፤ ለራሴ። ምን እንደሆነችማ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?

የልጅ ልጄ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ልጄ ብዬ ነው የምጠራት። እናቷ፣ የእኔው ልጅ፣ «ለሁለት ዓመት ብቻ» ብላ ለሥራ ሩቅ ሄደች። በዚያው አገባች፣ በዚያው ወለደች። መጀመሪያ ፎቶ ትልክ ነበር፤ ቀጥሎ ሰላምታ ብቻ፤ ቀጥሎ ጭራሽ ጠፋች። እስከ ዛሬ ሰው ስለ መንገድ ሲያወራ «ዓመት» የምትል ቃል ከሰማሁ ተነሥቼ ወደ ወጥ ቤት እገባለሁ።

የልጅ ልጄ ከተማ ውስጥ አንድ መነጽር ቤት ትሠራለች። ፊት ለፊት ሆነው የሚሸጡት ሌሎች ናቸው፤ እሷ ከኋላ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ሆና ለሰው ዓይን ልክ መስታወት ትሞርዳለች። የጣቷ ጫፍ ሁልጊዜ ነጭ ዱቄት አለው። ብትታጠበውም አይለቅም።

ሰፈራችን ማደሪያ ነው እንጂ መዋያ አይደለም። ሥራ ያለው ሁሉ የሚሠራው ከተማ ነው፤ ከተማው ደግሞ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል፣ ያውም መንገዱ ከተከፈተ። ገና ሳይነጋ ደረጃው ይንጫጫል። ሰዉን በጫማው ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የላይኛዋ ነርስ ትሮጣለች፣ የሂሳብ አስተማሪው እያዛጋ ይወርዳል፣ ባልና ሚስቱ እየተጨቃጨቁ ይወርዳሉ። አንድ ሰዓት ሲሆን ጭጭ። የምንቀረው ጡረተኞች፣ ሕፃናትና ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ብቻ ነን። ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ፣ ዕቃ ሲላክ የሚከፍት ሰው ስለሌለ የአሥራ አንድ ቤት ቁልፍ እኔ ጋ ተሰቅሏል። ታች ያሉት ጡረተኛው ፖስተኛ «እርስዎ የሰፈሩ ቅዱስ ጴጥሮስ ነዎት» ይሉኛል።

እዚህ ሰው የሚተዋወቀው በቤት ቁጥር አይደለም፣ በአውቶቡስ ሰዓት ነው። «የአሥራ ሁለት ተኩሉ ናት»፣ «የአንድ ሰዓቱ ነው» ይባላል። አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሰዎች ሰዓታቸው ከተለያየ ስድስት ዓመት ሳይተያዩ ይኖራሉ። ፖስተኛው ደግሞ «ሌባ ቢገባ ማን ያውቀዋል? አዲስ ጎረቤት ነው ብለን ሻይ እናፈላለታለን» ይላሉ።

እናም የእኛዎቹ ልጆች ፍቅር የያዛቸው አውቶቡስ ላይ ነው። ሌላ የት ይያዛቸው?

አውቶቡሱ የሚነሣው ከሰፈሩ ጫፍ፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው ሥር ነው። እኛ ጋ አራተኛ ፌርማታው ሲሆን ያኔ ወንበር የሚባል ነገር የለም። ልጄ ለሁለት ዓመት ቆማ ሄዳ ቆማ ተመለሰች። ማታ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እነክርላት ነበር። አንድ ቀን ግን እግሯ ሳያብጥ ገባች።

«ዛሬ ወንበር አገኘሽ?» አልኳት።

«ያዙልኝ» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ፊቷን ባታዞር ኖሮ ምንም አልጠረጥርም ነበር።

የያዘላት እሱ ነው። የሚኖረው መነሻው አጠገብ ነው፤ ሥራው በከተማው ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ ሊፍት መጠገን ነው። የመሣሪያ ቦርሳውን በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ሰው «አንሣው!» ብሎ ሲጮህበት «ባለቤት አለው» ይላል። አራተኛው ፌርማታ ላይ ያነሣዋል። ሌላው ሰው በመናፈሻና በካፌ የሚያወራውን እነሱ ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ እየተንገጫገጩ አወሩት። ጠዋት ትከሻው ላይ ትተኛለች፤ ማታ እሱ እሷ ላይ ይተኛል።

አንድ እሑድ ይዛው መጣች። ገና ሳይቀመጥ ሲጢጥ የሚለውን የወጥ ቤቴን በር ማጠፊያ አይቶ ቦርሳውን ከፈተ።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አልኩት እያወቅሁ።

«ሰውን ወደ ላይ ማውጣት ነው፣ እማማ። እኔ ራሴ ግን ምድር ቤት ነው የምኖረው።»

ሳቅሁ። ወደድኩት፣ አልዋሽም። መውደድ ሌላ ነው፣ ማመን ሌላ። እናት የለው አባት የለው፣ ዘመዱን የሚያውቅ ሰው የለ። ባሌ በሕይወት ሳለ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር፤ እኔም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። የዳይሬክተር የልጅ ልጅ ለማን ነው የምትሰጠው እያልኩ፣ በዚህ እድሜዬ እንቅልፍ አጣሁ። እሷ ግን እሱ ከሄደ በኋላ በሩን አሥር ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። «ድምፁ ጠፋ እኮ፣ እቴቴ» ትላለች፣ ዓይኗ እያበራ።

አሁን እንግዲህ የማልወጣበትን ነገር ልናገር።

ጉልበቴን ታምሜ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረኝ። ልጄ ደግሞ አስምላኛለች፤ «በጠዋቱ አውቶቡስ እንዳትሄጂ፣ ይደፈጥጡሻል። በአራት ሰዓቱ ሂጂ፣ ባዶ ነው።» ነገር ግን ሐኪሙ ቀድሞ የደረሰውን ነው የሚያየው። ያን ዕለት እሷ ሥራ በዝቶባት ቀድማ ወጥታ ነበር፤ ማን ያየኛል ብዬ በአሥራ ሁለት ተኩሉ ተሳፈርኩ። አንድ ጎረምሳ ተነሥቶ ፊት ለፊት አስቀመጠኝ። ትንሽ እንደሄድን ዞር ብዬ አየሁ።

ሰባተኛው ረድፍ ላይ እሱ ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ያንቀላፋሉ። ጭኑ ላይ ሕፃን ልጅ፣ ፊቱን ደረቱ ውስጥ ቀብሮ ተኝቷል። ከላያቸው አንዲት ወጣት ሴት ቆማ የሕፃኑን ቆብ ታስተካክላለች።

«ጭንቅላቱን ደግፈው እንጂ!» ትለዋለች።

«ደገፍኩት እኮ። አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምታውቂው?»

እንዲህ የሚነጋገር ማን ነው? ባልና ሚስት ነው። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሕፃኑን ተቀበለችው፣ እሱም የሕፃኑን ቦርሳ ተሸክሞ ከኋላዋ ወረደ። እኔን አላየኝም። ጠርቼ ብጠይቀው ምን ነበረበት? ግን አልጠየቅሁም። ሐኪሙ «የት ነው የሚያምዎት?» ሲለኝ እጄን የጫንኩት ልቤ ላይ ነው።

ማታ እራት ላይ ነገርኳት።

«ልጄ፣ ያ ሰው ሚስትና ልጅ አለው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ማን አለሽ?»

«ማንም አላለኝም። ባይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ልጁን ደረቱ ላይ አስተኝቶ፣ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ።»

«የት?»

አውቶቡስ ላይ ብል ልትቆጣኝ ነው፤ አስምላኝ የለ። «ሆስፒታሉ በር ላይ» አልኳት።

ይኸው ነው። ቁጣ ሽሽት የተናገርኳት ውሸት ይቺው ናት። እንደ ጥፍር ቁራጭ ታንሳለች።

ለካ እሱ ከሁለት ቀን በፊት «በወሩ መጨረሻ የምነግርሽ ትልቅ ነገር አለ፤ እስከዚያ አትጠይቂኝ» ብሏት ኖሯል። ሁለቱን ነገር ገጣጠመቻቸው። «ይሄ ነበር ለካ» አለች፣ ሌላ ምንም አልተናገረችም። ተነሥታ ሳህኑን አጠበች። ምግቡ እንዳለ ነበር፤ ከነምግቡ አጠበችው።

በማግስቱ ሰዓቷን ለወጠች። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በጨለማ፣ ፋብሪካ ሠራተኞች በሚሄዱበት አውቶቡስ መሄድ ጀመረች። ማታም እሱ እስኪያልፍ እየጠበቀች ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች። ጉንጯ ጎደጎደ። እሱ አራተኛው ፌርማታ ላይ እየወረደ፣ በያዘው ወንበር ሌላ ሰው ተቀምጦበት አውቶቡሱ ጥሎት እየሄደ፣ ቆሞ ይጠብቃት ነበር አሉ። አንድ ደብዳቤ በበሩ ሥር አስገባ። ሳትከፍተው ጀርባው ላይ «ወንበሬን ለሚገባት ስጥ» ብላ ጽፋ፣ ወስጄ መነሻው አጠገብ ካለው ሱቅ እንዳስቀምጥለት ሰጠችኝ። እኔም እያነከስኩ አደረስኩ። ትክክል እየሠራሁ መስሎኝ ነበር እኮ።

በዚህ ሰፈር ደግሞ ከአውቶቡስ የቀረች ልጅ መኪና ያለው ሰው አግኝታለች ነው የሚባለው። ሌላ ምክንያት የለም። ለእሱም እንደዚያ ነገሩት።

እንዲህ ሆነን ከሁለት ሳምንት በላይ ከረምን። አንድ ረቡዕ ከቀትር በኋላ በር ተንኳኳ። ስከፍት ያቺው ሴት፣ ያው ሕፃን ትከሻዋ ላይ። ልትጣላኝ የመጣች መሰለኝ።

«ይቅርታ፣ እማማ። ሁለተኛው ሕንፃ ውስጥ ከጥቂት ወራት በፊት ነው የገባነው። ቁልፍ የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ልጅስ ይጠብቃሉ?»

ከተማ ውስጥ ልጁን ትይዝላት የነበረችው ሴት ቤት ለቃ ሄዳ ነው። እሷ የጥርስ ሐኪም ቤት ጸሐፊ ናት።

«አባቱስ?» አልኳት ኮስተር ብዬ።

«አባቱ የሌሊት ዘበኛ ነው። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ሲተኛ ደግሞ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። ልጄን ለእሱ ትቼ ከምሄድ ለትራሱ ብተው ይሻላል።»

«ዘበኛ?»

«ምነው፣ አይሆንም?» ብላ ሳቀች።

«ያ… ሊፍት የሚጠግነው ልጅስ?»

«ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ? ውይ፣ በየት ያውቁታል? እግዜር ይስጠው! በእኛ አውቶቡስ ሕግ አለን፣ እማማ። የተቀመጠ ሰው የቆመውን ሸክም ይይዛል። ቦርሳም ይሁን፣ ምሳ ዕቃም ይሁን፣ ልጅም ይሁን። እኔን ‹ተቀመጪ› ይሉኛል፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው፣ መቆም ይሻለኛል። ይሄ ልጅ ያልተኛበት ጭን የለም። የሂሳብ አስተማሪው ላይማ ሸንቶበት፣ ሰውዬው እንደረጠበ ገብቶ አስተምሯል!»

እኔ መሳቅ አቃተኝ። እሷ ቀጠለች።

«እሱ ግን ምስኪን፣ ሰሞኑን ፊቱ ጠቁሯል። ወንበር የሚይዝላት ልጅ ነበረች፤ መኪና ያለው አግኝታ ቀረች አሉ። በወሩ መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ወደ ወደብ ከተማ ሊልከው ነው፣ ለሦስት ዓመት። ለባለትዳር ቤት ይሰጣሉ፤ ሊጠይቃት ነበር መሰለኝ።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው የእኔ ሥራ ነው። አውቶቡስ ላይ ነው ያየሁት ብዬ አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ፣ ልጄ እስኪያማት ትስቅብኝ ነበር። ሕጋቸውን ሁሉም ያውቁታል። የማላውቀው ቤት የምውለው እኔ ብቻ ነኝ።

ያን ዕለት ማታ ልነግራት ወንበር ስቤ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ራሷን ጉልበቴ ላይ አደረገች። «እቴቴ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» አለችኝ።

ፀጉሯን መዳበስ ጀመርኩ። ሦስት ዓመት። ወደብ። ብነግራት አብራው ትሄዳለች፤ እኔ ከአሥራ አንድ ቁልፍ ጋር እቀራለሁ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ የሚባል ነገር እንዴት ያለ ምቹ ጉድጓድ ነው!

ሕፃኑንም ተቀበልኩት። እምቢ ብል እናትየው ለምን ብላ ትጠይቃለች፤ ነገር ይወጣል። ጠዋት ልጄ ከወጣች በኋላ ይመጣል፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል፣ እሷ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች። በመሀል ባለችው አንዲት ሰዓት ጡጦውን አጥባለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ አንሶላ እለውጣለሁ። የእኔ አልጋ ከፍ ያለ ነው፤ ይወድቃል ብዬ የማስተኛው እሷ አልጋ ላይ ነው። ልጁ አይከፋም። እጁን ዘርግቶ ሲተኛ ሳየው ግን፣ እኔን ለመክሰስ የመጣ ምስክር ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ፣ ቀትር ላይ፣ ሌላ ሰው አንኳኳ። እሱ ነው። ለጉዞው የጤና ምርመራ ብሎ ከሥራ ቀርቶ ነው። ከስቷል። ጃኬቱ ከሰው የተዋሰው መስሏል።

ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ሕፃኑ ከውስጥ አለቀሰ።

«ይሄን ልቅሶ አውቀዋለሁ!» አለ፤ ፊቱ ለአንድ አፍታ በራ። «የጸሐፊዋ ልጅ አይደለም? ስንት ወር አቅፌዋለሁ! ልየው?»

«ተኝቷል» አልኩት።

«እያለቀሰ?»

በሩን በትከሻዬ ጋረድኩት። እሱም አልገፋበትም። ከደረት ኪሱ ፖስታ አወጣ። «እማማ፣ የመጀመሪያውን ሳትከፍተው መለሰችልኝ። ይሄን እርስዎ በእጅዎ ይስጡልኝ፣ እርስዎን እምቢ አትልም። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓይነት ወረቀት አለው፤ የባለትዳርና የላጤ። እስከ ረቡዕ መልስ ካጣሁ የላጤውን እፈርማለሁ። ከተፈረመ ለሦስት ዓመት አይለወጥም፣ ሰውም ይዤ መግባት አልችልም።»

«እሺ፣ ልጄ» አልኩት።

በዚሁ አፌ። «እሺ፣ ልጄ» አልኩት።

ፖስታውን የሹራብ መሳቢያ ውስጥ ከታች አደረግሁት። አልከፈትኩትም፤ እሱን እንኳን አላደረግሁም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሕፃኑን አቅፌ ከመስኮት ወደ መስኮት ተመላለስኩ። «አሁን እየፈረመ ይሆን? አሁንስ?» እለዋለሁ፤ እሱ አፍንጫዬን ይይዛል። ማታ ልጄ ገባች። ሾርባ አቀረብኩላት፤ ሁለት ማንኪያ ቀመሰች። «ጣፈጠኝ» አለች። ጣፈጠኝ ስላለች ብቻ፣ ደስ ብሎኝ፣ ዝም አልኩ።

እሑድ ሰፈራችን የሳምንት እንቅልፉን ይተኛል። ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ልጄ ጠረጴዛው አጠገብ ቁልፍ የወደቀበት ሸሚዟን ይዛ ተቀምጣለች፣ አትሰፋውም። በር ሲንኳኳ የከፈተችው እሷ ናት።

እጁ ላይ የመንገድ ሻንጣ አለ። ተያዩ። እኔ የማላውቃቸው ሰው ብሆን እንኳን፣ ያን አስተያየት አይቼ ከክፍሉ እወጣ ነበር።

«እማማን ልሰናበት ነው የመጣሁት» አለ። ዓይኑ ግን ከእሷ አልተነቀለም።

«ግባ። ሰው ደጅ ቆሞ አይሰናበትም» አለችው።

አልገባም፣ አልወጣም። ደፉ ላይ ቀረ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት።

«በምኑ?»

«በመኪናው።»

«የምን መኪና?»

«እንጃ፣ ቀለሙን አላየሁትም። ከአውቶቡስ ስትቀሪ ሰው ሁሉ የሚለኝ እሱን ነው።»

ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። «በአሥራ አንድ ሰዓቱ ነው የምሄደው። በጨለማ። ቆሜ። አንተንና ሚስትህን ላለማየት።»

«እኔንና ማንን?»

«ሚስትህን! ልጅህን! አሁንም ልትደብቀኝ ነው?»

ሊስቅ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው። ቀስ ብሎ፣ «ደብዳቤዬን ያነበበች ሴት ይሄን አትልም» አለ።

«ሳልከፍተው መልሼልሃለሁ።»

«ሁለተኛውን ነው የምልሽ። ሰኞ ለእማማ የሰጠሁትን።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ተነሣሁ። መሳቢያውን ከፈትኩ። ፖስታውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ እጇ ላይ ለማድረግ ድፍረት አጣሁ። ቆማ አነበበች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ሳታስበው ድምፅ አወጣች፤ «… በሁለቱም ክፍል መስኮት አለ ብለውኛል። አንቺ ቀን ሙሉ መስኮት በሌለበት ስለምትውዪ መጀመሪያ የጠየቅኋቸው እሱን ነው …» ከዚያ ወዲያ ድምፁም ጠፋ።

«የት አዩኝ ነው የሚሉት?» አለ እሱ።

«ሆስፒታሉ በር ላይ» አለችው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል። «ልጅ ደረትህ ላይ አስተኝተህ።»

«ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ አላውቅም።»

«እቴቴ አትዋሽም።»

እንዲህ ስትል ነው የሞትኩት። ቢሰድቡኝ እችል ነበር።

«አውቶቡስ ላይ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«ያየሁት አውቶቡስ ላይ ነው። በአሥራ ሁለት ተኩሉ ሄጄ ነበር። እንዳትቆጪኝ ብዬ ነው ሆስፒታል ያልኩሽ።»

ከላይ ቤት የሆነ ሰው ወንበር ጎተተ።

«አውቶቡስ ላይ» አለች ልጄ። «እቴቴ፣ እኔ ራሴ እኮ ያን ልጅ አቅፌዋለሁ። ግራጫው ቀሚሴ ላይ አስመልሶብኝ፣ አንቺ ነሽ ያጠብሽልኝ።»

ትዝ አለኝ። «የማን ነው?» ብዬም አልጠየቅኋት ነበር።

«የማን እንደሆነ መቼ አወቅሽ?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ደከመኝ። «አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እናትየው። ልጁን ቀን ቀን የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

«የት?»

«እዚህ።»

«እዚህ የት?»

ዓይኔ ሳላዘው ወደ አልጋዋ ሄደ። አይታ ተከተለችው።

«ረቡዕ ነው የፈረምኩት» አለ እሱ። ለማንም አልነበረም የተናገረው።

ወደ እሱ ዞረች። «በር አንኳኩተህ ልትጠይቀኝ አትችልም ነበር?»

«አንቺስ? ዓመት ከሦስት ወር ትከሻዬ ላይ ተኝተሽ፣ አንዲት ጥያቄ እንኳን አይገባኝም ነበር?»

«ፈራሁ። አዎ እውነት ነው ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔም እኮ እሱን ነው የፈራሁት።»

ቀረበችው። «ልጠብቅህ?» አለችው፣ በትንሽ ልጅ ድምፅ።

ሻንጣውን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ። «ጠብቂ ብልሽ ግፍ ነው። አትጠብቂ ብልሽ ውሸት ነው። ምን ልበልሽ?» የጣቷን ጫፍ ያዘ፣ ያቺን ነጭ ዱቄት በአውራ ጣቱ ጠረገ፤ ዱቄቱ አልለቀቀም። ከዚያ ለእኔ ጎንበስ ብሎ፣ «ደህና ይሁኑ፣ እማማ» አለኝ። ከልቡ ነው ያለኝ። ምነው ረግሞኝ በሄደ።

እግሩ ደረጃው ላይ ሲወርድ እያንዳንዱን ቆጠርኩት። ልጄ አልተከተለችውም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንሶላውን በመዳፏ ታሸዋለች። ሩጪ ልላት ፈለግሁ፤ በምን አፌ? አውቶቡሱ ሲደርስ ሰማነው፣ በሩ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሞተሩ ሲያጓራ፣ ዳገቱን ሲጨርስ። እስከ መጨረሻው ድረስ ሰማነው።

«ልጄ» አልኳት። «ተቆጪኝ። ስደቢኝ፣ ይገባኛል። አንቺን ላለማጣት ብዬ ነው። እናትሽም እንዲሁ ሄዳ… ልጄ፣ አንድ ነገር በይኝ። ሾርባው አለ፣ ላሙቅልሽ? ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም። ተይ ዝም አትበይኝ፣ ዝምታሽን አልችለውም።»

ተነሣች። ጫማዋን አደረገች፤ ክሩን በእርጋታ አሰረችው። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የሥራ መታወቂያዋን ከተተች፣ ሁለት ልብስ ከተተች። ሁለት ብቻ ነው ብዬ ለማሰብ ሞከርኩ።

«ወዴት ነው? ይመሻል እኮ። ብርድ ነው፣ ሹራብ ልበሺ። እሺ ሹራቡን ብቻ ልበሺ፣ ሌላ አልልሽም።» ይዤ ቀረብኩና እጅጌውን ልዘረጋላት ስል፣ እጄን ያዘች። አልገፋችኝም። ከሹራቡ ላይ ጣቴን አንድ በአንድ አላቀቀችና እጄን መልሳ ጎኔ ላይ አኖረችው። ሹራቡ መሬት ወደቀ። እንዳላየች አለፈችው።

«ልጄ!» አልኳት።

በሩን ከፍታ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።